ከጉና የሚወርደው ውኃና ሽቅብ የሚወጣው ዓሣ

መስቀል ከተከበረ ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ የአባቶቻችን ባሕረ ሐሳብ ክረምትን አሰናብቶ መፀውን በሚያስገባበትና ወርኃ ጽጌ በሚጀመርበት በመስከረም 26 ቀን፣ ከሰኔ ጀምሮ ደፍርሶ ሲያጓራና መንገደኛውን ከማዶ ሲያሳድር የከረመው የደቡብ ጎንደሯ የእስቴ ወንዝ ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያም በጥቂት ሳምንት ውስጥ መልኩ እየጠራ ሄዶ በግርጌው ያለውን ጠጠር አንድ በአንድ ለዐይን ይገልጣል። በዳርቻው አደይ አበባ ይፈካል፤ ቄጠማው ይለመልማል፤ ከብት ጠባቂው ልጅ ልብሱን አውልቆ ከቋጥኙ ሥር ወዳለው ኩሬ ይወረወራል። ከእስቴዋ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ወጥቶ የግማሽ ቀን መንገድ ለመሄድ ጕልበትና ፈቃድ ላለው ሰው፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለው ጊዜ፣ ወንዝን ተከትሎ ለመጓዝና በውኃ ውስጥ የሚኖረውን ፍጥረት ለመመልከት ከዓመቱ ሁሉ የተመረጠ ነው።

በብርዳማው የሰሜን ዓለም ይህን የመሰለ ወራት የሚመጣው በረዶው ሲቀልጥ፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው። የዚያ አገር ሰው ዘንጉን ይዞ ወደ ትናንሽ ወንዞች የሚወርደው በተለይ ትራውት የሚባለውን፣ ጐኑ በነጠብጣብ ያጌጠውን፣ ቀዝቃዛና ጥሩ ውኃ ወዳዱን ዓሣ ሽቶ ነው፤ እንግሊዛዊው አይዛክ ዋልተንም ይህን ማጥመድ ከተመስጦና ከጸጥታ ጋር አዛምዶ በ1653 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን ካሳተመ ወዲህ፣ የወንዝ ዳር ድርሰት በእነርሱ ዘንድ ራሱን የቻለ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ሆኖ ኖሯል። ትራውት በአገራችን ከጥንት የነበረ ዓሣ አይደለም፤ በሃያኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች፣ ወይብንና ዳንካን በመሳሰሉት ወንዞች ተለቀቀ፤ ቅዝቃዜው ተስማምቶትም እዚያው ተራባ። ከዲንሾ ተነሥቶ በዚያ ደጋ የሚያጠምድ ሰው የሰሜኑን አገር ልማድ ሳይለውጥ መፈጸም ይችላል። የእስቴ፣ የጋይንትና የስማዳ ወንዞች ግን ከሩቅ አገር የመጣ ዓሣ ሳያስፈልጋቸው፣ በሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ዘንድ ከትራውት ይልቅ የከበረና የሚያስደንቅ ታሪክ አላቸው።

ይህን ታሪክ ለመረዳት ከጉና ተራራ መነሣት ግድ ይሆናል። ከባሕር ጠለል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በፋርጣ፣ በእስቴና በላይ ጋይንት መካከል የተንሰራፋው ይህ የጥንት እሳተ ገሞራ፣ በራሱ ላይ ጅብራና አስታ፣ ሣርና ረግረግ ተሸክሞ የክረምቱን ደመና ይቀበላል፤ የተቀበለውንም ውኃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሳያፈስስ ከሣሩ ሥር አኑሮ በበጋ ጭምር ለየምንጩ ያካፍላል። ከምዕራብ ጐኑ የሚነሡት ርብና ጉማራ በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። ከእስቴ ወደ ደቡብ የሚወርደው ውኃ፣ ዋንቃን የመሰለው፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይሄዳል፤ በምሥራቅ በኩል ያለውም በበሽሎ ዞሮ ወደዚያው ዓባይ ይደርሳል። ስለዚህ በአንድ ጎጆ ክዳን ላይ የወረደ ዝናብ ከፊሉ በደጅ ከፊሉ በጓሮ እንደሚንጠባጠብ፣ በአንድ ሌሊት በእስቴ ሸንተረር ላይ የጣለው ዝናብም ወደ ሐይቁና ወደ ገደሉ ይለያያል።

የተለያዩት ውኃዎች በመጨረሻ በዓባይ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ዓሦቻቸው ግን እንዲህ በቀላሉ አይገናኙም። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ በጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ያህል ከሚሆን ከፍታ ይወድቃል፤ ይህን ፏፏቴ ከታች ወደ ላይ ሊወጣ የሚችል ዓሣ የለም። በዚህም ምክንያት በጣና ያሉት ዓሦች በታችኛው ዓባይ ካሉት ዘመዶቻቸው ተለይተው ለብዙ ሺሕ ዓመታት ለብቻቸው ኖሩ፤ ሐይቁ ጥልቁንና ዳርቻውን፣ ቋጥኙንና ጭቃውን፣ ደንገሉንና ሰፊውን ውኃ ለየብቻ ስላቀረበላቸው፣ አንዱ ወገን እየተከፋፈለ ልዩ ልዩ መልክና ልዩ ልዩ አመጋገብ አወጣ። የባሕር ዳር ሰው ሁሉንም በጅምላ ነጭ ዓሣ ይላቸዋል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጣና የወሰዳቸውን ዓሦች መርምሮ የአንዳንዶቹን ዝርያዎች መልክ ለዓለም ሊቃውንት ገለጠ፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌኦ ናግልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች አካላቸውን ለክተው፣ ምግባቸውን መርምረው፣ ዐሥራ አምስት የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አስረዱ። ከእነዚህም ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ ናቸው፤ ወገናቸው በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው፣ የሚያደቅበት ጥርስ በጕሮሮው ውስጥ ብቻ ያለው ሆኖ ሳለ ስምንቱ ወደ አዳኝነት መዞራቸው በዓለም ዓሦች መካከል እጅግ ብርቅ የሆነ ነገር ነው። ከአዳኞቹም አንዱ ቀጭን፣ ረዘም ያለና ፈጣን ስለሆነ፣ ሊቃውንቱ በላቲን ስሙ ከትራውት ጋር አመሳስለውታል፤ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ትራውትን የሚናፍቅ አንባቢ ቢኖር የናፈቀው ቅርጽ በጣና ይዋኛል።

አሁን ወደ ክረምቱ እንመለስ፤ መፀው የሚያሳየን ሁሉ በክረምት የተዘጋጀ ነውና። ሰኔ ገብቶ ጉማራ መደፍረስ ሲጀምር፣ በሐይቁ ተበትነው የከረሙት ነጭ ዓሦች፣ ከዐሥራ አምስቱ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ፣ ወደ ወንዙ አፍ መሰብሰብ ይጀምራሉ። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ፣ ሰው ሊሻገረው በሚፈራው ጐርፍ ላይ ደረታቸውን ሰጥተው ሽቅብ ይወጣሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይወጡም፤ ዝርያው ከዝርያው ጋር እንዳይደባለቅ አንዱ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ፣ አንዱ በዚህኛው ገባር ሌላው በዚያኛው፣ እስከ መስከረም መጨረሻና ከዚያም አልፎ በየተራ ይፈራረቃሉ። ፍለጋቸውም አንድ ነገር ነው፦ ከዋናው ወንዝ ተገንጥለው፣ ጥልቀቱ ከጕልበት የማያልፍ፣ ውኃው የጠራ፣ በጠጠር ላይ እየተፍለቀለቀ የሚሮጥ ትንሽ ገባር። እንስቲቱ እንቁላሏን በዚያ ጠጠር ላይ ታፈስሳለች፤ ተባዕቱ ወዲያው ዘሩን ያፈስስበታል፤ እንቁላሉም በጠጠሩ ክፍተት ውስጥ ይሸሸጋል። እየተፍለቀለቀ የሚሮጥ ውኃ ከአየር ኦክስጅን ቀላቅሎ ይዟል፤ በእንቁላሉ ውስጥ ያለው ሽል የሚተነፍሰው ይህን ነው። በጠጠሩ መካከል ደለል የገባ እንደሆነ ግን ውኃው መተላለፉ ይቀራል፤ ሽሉም ሳይፈለፈል ታፍኖ ይሞታል።

እዚህ ላይ አንባቢው ቆም ብሎ እንዲያስብ እለምነዋለሁ። ያ ዓሣ እስከ ጉና ግርጌ ላይደርስ ይችላል፤ የመካነ ኢየሱስ ልጅም በሰፈሩ ወንዝ ውስጥ ክንድ የሚያህል ነጭ ዓሣ አላየ ይሆናል። ነገር ግን ዓሣው እንቁላሉን የሚጥልበት ጠጠር ከላይ የመጣ ነው፤ ውኃውም ከላይ የመጣ ነው፤ የሚያፍነው ደለልም ከላይ የመጣ ነው። በእስቴና በፋርጣ ተዳፋት ላይ በሰኔ ያለ እርከን የታረሰ ማሳ፣ በነሐሴ በጉማራ ገባር ውስጥ ባለ እንቁላል ላይ ይፈርዳል። በጣና ዳር ለእንግዳ የሚቀርበው ዓሣ የገበሬውን ሞፈርና የጉናን ረግረግ ዕጣ ተካፋይ መሆኑን ያላስተዋለ ሰው፣ ሐይቁን በጀልባ ዞሮ ቢጨርስ እንኳ ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

በመፀው ወንዝ ተከትሎ የሚሄድ ሰው ሽቅብ ቢሄድ ይሻለዋል። ዓሣ ምግቡን ውኃው ስለሚያመጣለት ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል፤ ከታች በዝግታ የመጣውን ሰው አያየውም፤ ከላይ የወረደውን ግን ጥላው ገና ሳይደርስ አይቶት ይሸሻል። ከዋንዛውና ከዶቅማው ጥላ ሥር፣ ውኃው ከቋጥኝ ወርዶ ኩሬ በሚሠራበት ቦታ በጕልበትህ ተንበርክከህ ጥቂት ብትቆይ፣ መጀመሪያ ባዶ የመሰለህ የኩሬ ወለል መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሊቃውንት «ጋራ» በሚሉት ወገን የሚቈጠር፣ ከጣት ብዙ የማይበልጥ፣ ቀለሙ ድንጋዩን የመሰለ ዓሣ አለ፤ ከአፉ በታች ክብ የሆነ ሥጋማ መጣበቂያ ስላለው፣ ሌላውን ሁሉ ጠርጎ በሚወስደው ፈሳሽ ውስጥ በድንጋይ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። ጥቂት ይቆይና ይላቀቃል፤ ጅራቱን አንድ ጊዜ ወዝወዝ አድርጎ ወደሚቀጥለው ድንጋይ ይዘልላል፤ እንደገና ይለጠፋል፤ ከዚያም በድንጋዩ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ልስላሴ መፋቅ ይጀምራል። አለፍ አለፍ ብሎ በድንጋዩ ፊት የሚታየው ንጹሕ ፈለግ በእርሱና እርሱን በመሰሉት የተፋቀ ነው። በጣና ካሉት ትልልቆቹ ዓሦች ወገን የሆነው፣ ቤሶ የሚባለው ዓሣም ጠንካራ የታች ከንፈሩን እንደ መፋቂያ አድርጎ በዚሁ መንገድ ይመገባል።

አንድ ድንጋይ አንሥተህ ብትገለብጥ ደግሞ ሌላ ዓለም ይገለጥልሃል። ከድንጋዩ ሆድ ጋር የተጣበቀ፣ ሦስት ቀጫጭን ጅራት ያለው ትንሽ ነፍሳት እየተሽሎከሎከ ወደ ጨለማው ይሸሻል፤ ይህ ብዙ ወራት በውኃ ውስጥ ኖሮ፣ በመጨረሻ ክንፍ አውጥቶ ለአንድ ቀን ወይም ለጥቂት ቀን ብቻ በአየር ላይ የሚኖር ፍጥረት ነው። በአጠገቡ የአሸዋ ቅንጣት በልዩ ክር ሰፍቶ ለራሱ ሰገባ የሠራና በውስጡ የተሸሸገ ትል ታገኛለህ። የሰሜን አገር አጥማጆች በላባና በክር በመንጠቋቸው ላይ የሚያበጁት ምስል እነዚህን የመሰሉትን ነው፤ ትራውት በሌለበትም ዓሣ የሚበላው እነዚህን ነው፤ በድንጋይ ሥር በብዛት ከተገኙ ውኃው ጤነኛ ለመሆኑ ከሁሉ የተሻለ ምስክር ናቸው። ድንጋዩን መልሶ እንደ ነበረ ማስቀመጥ የዚህ ጉብኝት ሕግ ነው። እግረ መንገድህን ግን በረጋ ውኃ ከመጠጣት ተጠንቀቅ፤ አልቅት በከብቱ አፍና አፍንጫ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ የእስቴ እረኛ ሁሉ ያውቃል፤ ወደ ቈላው በወረድህ መጠንም በዝግተኛ ውኃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ የሚተላለፍ የቢልሃርዝያ በሽታ አለ።

ስለ ቀንድ አውጣ ካነሣን፣ ወንዝ ዳር ቆሞ ማስተዋል ምን ያህል ፍሬ እንደሚያፈራ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አዩ፤ ከዚያ በላይ ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። ለዘመናት ለነጠላና ለጋቢ ማጠቢያ ያገለገለው ፍሬ የበሽታውን ተሸካሚ የሚገድል መድኃኒት ሆኖ ተገኘ፤ ሥራቸውም በ1989 እ.ኤ.አ. ትክክለኛ ኑሮ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተከበረ። ዐይን በየወንዙ አለ፤ ከላይና ከታች ያለውን አነጻጽሮ መጠየቅ ግን ልምድ ይሻል።

ወደ ቈላው ስንወርድ በገባሩ ዳር ብርብራ የሚባለው ዛፍ ይበዛል፤ ከአገራችን በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮው የማይበቅል፣ ጥላው ያማረ፣ ለማር ንብም የሚስማማ ዛፍ ነው። ዘሩ ግን ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለው። በአንድ የመፀው ከሰዓት በኋላ፣ ከማሳቸው ዳር ተቀምጠው ያገኘኋቸውን ሽማግሌ የወደቀውን ፍሬ እያሳየሁ «አባቴ፣ ይህን ለምን ትጠቀሙበታላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለዓሣ ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። «እኛ ልጆች ሳለን ወቅጠን ኩሬው ውስጥ እንበትነው ነበር። ትንሽ ቆይቶ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ትልቁን እንለቅማለን፤ ደቃቃው እዚያው ይቀራል።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ ደቃቃውስ የት አለና!»

የሽማግሌው ንግግር ነገሩን ከብዙ ጥናት አሳጥሮ ይናገራል። ሮቴኖን የዓሣውን አተነፋፈስ ከሴሎቹ ውስጥ ስለሚያግድ፣ ውኃው ኦክስጅን የሞላው ቢሆንም ዓሣው ታፍኖ ይሞታል፤ መርዙም ክንድ የሚያህለውንና ገና የተፈለፈለውን፣ ሰው የሚበላውንና ማንም የማይበላውን አይለይም። መንጠቆ ግን ይመርጣል። ትል የለበሰ አንድ መንጠቆ በኩሬው ራስ፣ ውኃው ከሩጫው በሚበርድበት ድንበር ላይ፣ በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የጣለ ሰው የሚያገኘው አንድ ወይም ሁለት ነው፤ ያነሰውንም በእርጥብ እጅ ይዞ ሊመልሰው ይችላል። በእጅ እየዳበሱ ከቋጥኝ ሥር ማውጣትም በየአገሩ የታወቀ ነው፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ አጥማጅ ሳይሆን አይቀርም። እኔ እንደሚመስለኝ በደጋው ገባር ለማጥመድ የተፈቀደልን ወራት ከኅዳር ወዲህ ሊሆን ይገባል፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለው የእንቁላልና የጫጩት ወራት ነውና፣ ያን ጊዜ ዘንግን ከቤት ትቶ ዐይንን ብቻ ይዞ መውጣት ይበቃል።

በጣና ላይ የደረሰው ነገር ይህን እንድል ያስገድደኛል። ወይጦዎችና ሌሎች የሐይቁ አጥማጆች ለዘመናት በደንገል ታንኳ ከዳርቻው ብዙ ሳይርቁ ሲያጠምዱ ኖረው፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና ረጃጅም የናይሎን መረቦች መጡ። የጀልባው መምጣት ለብዙ ቤት እንጀራ ሆኗልና በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ጥፋቱ መረቡ ነጭ ዓሣው ለመራባት በሚሰበሰብበት ወራትና በሚሰበሰብበት የወንዝ አፍ ላይ መዘርጋቱ ነው። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ዐሥር ዓመት ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን የኔዘርላንዱ ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ አስረድተዋል። እንቁላል ልትጥል የወጣችን አንዲት ዓሣ መያዝ አንዲትን ዓሣ መያዝ ብቻ አይደለም። ከዚያ ወዲህም የጉማራ አሸዋና ጠጠር ለሕንፃ ሥራ በመኪና ይጫናል፤ የፎገራን ሽንኩርት ለማጠጣት በበጋ በየዳርቻው ፓምፕ ይተከላል፤ በርብ ላይ የተሠራው ትልቅ ግድብም ለመስኖ ያለው ጥቅም የሚካድ ባይሆን የዓሣውን መውጫ በወንዙ ላይ ቈርጦታል። አገራችን ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 315ን አውጥታለች፤ አዋጁ ግን ከየወንዙ አፍ ደርሶ በነሐሴ ሌሊት መረብ ሊያነሣ የሚችለው፣ የወንዙ ዳር ሰው ነገሩን እንደ ራሱ ጉዳይ ሲቀበለው ነው።

የወንዝን ራስ በመጠበቅ ረገድ አባቶቻችን ያቆዩልን አንድ ሥርዐት እስከ ዛሬ ይሠራል። በደቡብ ጎንደር በየኮረብታው ያለው የቤተ ክርስቲያን ደን፣ በዙሪያው ያለው ዛፍ ሁሉ ሲመነጠር ለጽላቱ ክብር ሲባል ሳይነካ ኖሮ፣ ዛሬ ከጥንቱ ጫካ የቀረን ቅሪት ሆኗል፤ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚሁ አካባቢ ያሉትን ደኖች አጥንተው ስንት የአገር ዛፍ በእነርሱ ውስጥ ብቻ እንደ ተጠለለ አሳይተዋል። ከእንዲህ ያለው ደን ሥር የሚመነጭ ጠበል በበጋም ጥሩ ሆኖ ይፈስሳል፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ ቅጠሉ የዝናቡን ኀይል ያበርዳል፤ ከሥሩ የሚነሣው ገባርም ከደን ውጭ እንዳለው ገባር በየዝናቡ አይደፈርስም። የጋይንት ሊቃውንት፣ ድጓው በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱ በዙር አምባ ሲመሰከር፣ ተማሪዎቻቸው ውኃ የሚቀዱትና ልብስ የሚያጥቡት ከእነዚህ ምንጮች ነው፤ የክረምቱን ዝናም፣ የመፀውን አበባና የአፍላጋቱን ምሉነት በየወራቱ የሚዘምረውን ዜማ የሚያጠኑትም በዚያው ዳር ነው።

ወደ ጣናና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚለያዩትን ሁለቱን ውኃዎች በአንድ ጉዞ ለማየት የሚሻ አንባቢ፣ በጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር አቅጣጫ በእግሩ ይነሣ፤ የጉማራን ላይኛ ገባሮች እያቋረጠ፣ በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ አንድ ድንጋይ ገልብጦ በሥሩ ያለውን ይመዝግብ፤ ውኃው ከማሳ ወይም ከደን የመጣ መሆኑንም አብሮ ይጻፍ። ወደ መካነ ኢየሱስ ተመልሶም በማግሥቱ ከከተማው ወደ ደቡብ ዞሮ፣ ወደ ዓባይ ከሚወርዱት አንዱን ይዞ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ እንዲሁ ያድርግ። ከቤቱ ይዞ የሚወጣው በሶ፣ ዱላ፣ ደብተርና እርሳስ ይብቃው፤ መንጠቆ ቢፈልግ ኅዳር 12 የሚካኤል በዓል ካለፈ በኋላ ይመለስ።